የአያቴ መቀነት

(በደብረ ማርቆስ ለአንድ እድር አባላት፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው የተገለበጠ ስለሆነ ብዙ አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ ወደ ፊት ግቡ፤ እዚህ ባዶ ወንበር አለ። ማንም ቆሞ እንዳይቀር። ወንበሩን እፈልገዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ታያላችሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የእድሩን ዳኛ አመሰግናለሁ። ስልክ ደውለው "ልጄ፣ ነይና ስለ ሥራሽ ንገሪን" አሉኝ። "አባቴ፣ ስለ የትኛው ሥራዬ?" ብላቸው፣ "ሽማግሌ የምትመዝኚው አንቺ አይደለሽም እንዴ? እሱን ነዋ!" አሉኝ። (ሳቅ) ትስቃላችሁ፤ ግን እውነታቸውን ነው። ወረቀት ላይ "የሥነ ምግብና የጤናማ እርጅና ተመራማሪ" ተብሎ ይጻፋል እንጂ ሥራዬ ያው ሽማግሌና ባልቴት መመዘን ነው። ምን በላችሁ እላለሁ። ባት እለካለሁ። ጨብጡኝ እላለሁ፣ ተነሡልኝ እላለሁ። በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። እኔም ራሴ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ከእንግዲህ መዛኝም ተመዛኝም ነኝ ማለት ነው።

ሦስት ነገር ላነሳ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ እንዴት ወደዚህ ሥራ እንደገባሁ። ሁለተኛ፣ ሰው ሲያረጅ ሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ እኛስ እንዴት እንደምንለካው። ሦስተኛ፣ መሶባችን። ሦስተኛው ላይ ሰዓት ካጠረኝ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወሬ ከጀመርኩ አላቆምም።

እንግዲህ አንደኛው።

የተወለድኩት ከጮቄ ተራራ ሥር ነው። ገብስ፣ እንግዶና ድንች የሚበቅልበት፣ ጤፍ ከገበያ ተገዝቶ የሚመጣበት ደጋ። ያሳደገችኝ አያቴ ናት። አያቴ አንድ መቀነት ነበራት። ነጭ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ክሩ የተቋጠረ። ጠዋት ስትታጠቅ አንዱን ጫፍ እኔ እይዝላታለሁ፤ እሷ እየዞረች ወገቧ ላይ ትጠመጥመዋለች። እኔ ደግሞ እቆጥራለሁ። ያኔ መቁጠር መማሬ ነው፣ ያገኘሁትን ሁሉ ነው የምቆጥረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ዙር ነበር። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ አራት ሆነ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አምስት ዞሮ ጫፉ ይተርፍ ነበር።

መቀነቱ አልረዘመም።

እናቴን "አያቴ ለምን ቀጠነች?" ብዬ ጠየቅኋት። "ዕድሜ ነው" አለች። ጎረቤት "ዕድሜ ነው" ይላል። አያቴም ራሷ "ዕድሜ ነው ልጄ" ትላለች። ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ስም አውጥቶለታል፣ ማንም ግን ምን ትበላለች ብሎ አልጠየቀም።

ምን ትበላ ነበር? ቤታችን አራት ዶሮዎች ነበሩን። እንቁላሉ ጭድ ውስጥ ይጠራቀምና ቅዳሜ ገበያ ይወርዳል፤ ጨውና ቡና ሆኖ ይመለሳል። አንዳንዴ የተሰነጠቀ አንድ እንቁላል ይቀራል። እሱ ይጠበስና "ለእናታችን" ተብሎ ለአያቴ ይቀርባል። አያቴ ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለወንድሜ ታጎርሰንና ሣህኑን በእንጀራ ጠርጋ ትበላለች። "አንቺስ?" ስንላት "እኔ ጠግቤያለሁ" ትላለች። እኔ ጠግቤያለሁ። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በዚያው ዓመት በሐምሌ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትወጣ ደፉ ላይ ወደቀች። ትልቅ ደፍ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ስንዝር ነው። ያን ደፍ ስድሳ ዓመት ተሻግራዋለች። ዳሌዋ ተሰበረ። ወጌሻ መጣ፤ አልሆነም። ሁለት ወር ያህል ተኛች፤ መስቀልን አላየችም። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ምን አለ? ዕድሜ ነው አለ።

እኔ ደግሞ መቀነቱን ታቅፌ አንድ ጥግ ተቀምጬ ነበር። እስኪ ንገሩኝ፤ መቀነቱ በየዓመቱ ሲነግረን አልነበረም?

ዘጠነኛ ክፍል እዚሁ ማርቆስ ገባሁ። ስንቅ የተሸከማችሁ እጃችሁን አውጡ እስኪ! አዎ፣ አባቶችም አላችሁ። እሑድ እንጀራ፣ ሽሮና በሶ ተሸክሜ እመጣለሁ፤ ሐሙስ ላይ እንጀራው ሻጋታ ሊያወጣ ይዳዳዋል፤ አስቀድመን ፀሐይ ላይ አስጥተን ድርቆሽ እናደርገዋለን። ዓርብ ዓርብ የምንበላው ድርቆሽ በሽሮ ነው። ስለ ምግብ ቁጥብነት ያን ያህል ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ የለም።

አንድ ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሦስት መደብ ሠርተው ጻፉ። ኃይል ሰጪ፣ ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ። ገንቢ ምግብ ለሚያድግ ልጅ ነው አሉ። እጄን አወጣሁ፤ "ለሚያረጅ ሰውስ?" አልኩ። "ሽማግሌ ምኑ ይገነባል? ተቀመጪ" አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አፍሬ ተቀመጥኩ። መምህሩን አልወቅሳቸውም፤ መጽሐፉም ከዚያ ያለፈ አይልም ነበር።

ምክንያትም ነበረው። በአገራችን የሥነ ምግብ ሥራ የተጀመረው በሕፃናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ድጋፍ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ፋፋ የሚባለውን የሕፃናት ምግብ ያመጡልን እነሱ ናቸው። ሕፃን በሚረግፍበት አገር ሕፃን ይቀድማል፤ ትክክል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1990 እዚህ አገር የሚወለድ ልጅ የሚገመትለት ዕድሜ 50 እንኳ አይሞላም ነበር። ይህ ማለት ግን ሰው በ50 ዓመቱ ያረጅ ነበር ማለት አይደለም፤ ሕፃናት ስለሚሞቱ አማካዩ ይወርዳል እንጂ ያለፈው አልፎ ሰማንያ የሚገባ ሽማግሌ ሁልጊዜም ነበረን። ዛሬ ያ ቁጥር ከ65 በላይ ሆኗል። በፋፋ ያደጉት ልጆች አረጁ! እዚህ ተቀምጣችኋል! (ሳቅ) ለእናንተስ ማን አሰበ?

ተማሪዎች፣ ይህችን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ሳይንቲስት መሆን የላቦራቶሪ ዕቃ ብቻ ለሚመስላችሁ። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ጃቫ ደሴት ላይ ኤይክማን የሚባል ሆላንዳዊ ሐኪም ቤሪቤሪ የሚባል እግር የሚያሰንፍ በሽታ ያጠና ነበር። ጀርም ነው ብሎ ጀርሙን ይፈልጋል። የሚሞክርባቸው ዶሮዎች በድንገት እግራቸው ይዝል ጀመር። ከዚያ ደግሞ ሳያክማቸው ዳኑ። ምን ተገኘ? ዶሮዎቹ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት የተረፈ፣ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ይበሉ ነበር። አዲስ የመጣው ወጥ ቤት "የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም" ብሎ ከለከለ! በርካሹ፣ ገለባው ባልወጣለት ሩዝ ሲተኩላቸው ዳኑ። መድኃኒቱ የተወገደው ገለባ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ቫይታሚን ቢ1 የምንለው። ሰውዬው በ1929 ኖቤል ተሸለመ። ወጥ ቤቱ ምንም አልተሸለመ። እኔ ብሆን ግማሹን ለወጥ ቤቱ እሰጥ ነበር።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማርኩ፤ ላቦራቶሪ ገባሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ የጤፍ ብረት መለካት ነበር። የወጣው ቁጥር እጅግ ትልቅ ነው። ጎጃሜ ነኝና ደረቴን ነፋሁ፤ "የእኛ ጤፍ እኮ!" አልኩ። አለቃዬ ምንም ሳይሉ "ጤፉን እጠቢውና ድገሚው" አሉኝ። አጠብኩት። ብረቱ አሽቆለቆለ። ከብረቱ ብዙው የአውድማ አፈር ኖሯል! በሬ መሬት ላይ ሲያበራየው አፈሩ ይገባበታል፣ አፈራችን ደግሞ ብረት ያለው ቀይ አፈር ነው። ቀድመው የነበሩ ተመራማሪዎች ይህን ጽፈውት ኖሯል፤ እኔ አላነበብኩም። ጤፍ ታጥቦም ደህና እህል ነው፣ አትከፉ። ከዚያ ወዲህ ግን የሚያስደስተኝ ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ አጥበዋለሁ።

ከዚያ ሆላንድ ሄድኩ። ስለ ብርዱ ዝም ልበል። እዚያ ያስደነገጠኝ አንድ ነገር ነበር። በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. መካከል በነበረው ክረምት፣ በጦርነቱ ማብቂያ፣ ምዕራብ ሆላንድ ተራበ። የአንድ ሰው የቀን ራሽን ከ1000 ካሎሪ በታች ወረደ። ረሃቡ ወራት ቆይቶ አለፈ። ያን ጊዜ በእናታቸው ማሕፀን የነበሩት ልጆች ግን መዝገብ ነበራቸው፤ ተመራማሪዎች ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው ፈልገው አገኟቸው። የስኳር በሽታና የልብ ሕመም በመካከላቸው በዝቶ ተገኘ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ዳቦ በልተው፣ ወተት ጠጥተው!

ያን ስሰማ 1977 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። ከወሎ በሰፈራ ወደ መተከል፣ ወደ ፓዌ የመጡትን ታስታውሳላችሁ፤ ያኔ መተከል ጎጃም ውስጥ ነበር። በዚያ ዓመት የተፀነሱት ልጆች ዛሬ አርባን አልፈዋል። ከእነዚያ አንዱ እዚህ ካለ፣ እባክህ ወንድሜ፣ እባክሽ እህቴ፣ ደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተለኩ። ስድሳን አትጠብቁ።

ሁለተኛው ነጥብ። መለካት።

አገሬ ተመልሼ ገጠር ስወጣ የመጀመሪያው ችግር ዕድሜ ነበር። "አባቴ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?" ስል "እኔ እንጃ፤ ሰባም ሰማንያም ብለሽ ጻፊ" ይሉኛል። ሰባና ሰማንያ እኮ ለእኔ የሰማይና የምድር ያህል ነው! ስለዚህ ዘመን እንጠይቃለን። ጣሊያን ሲወጣ፣ በ1933፣ ተወልደው ነበር? በላይ ዘለቀ የተሰቀለ ጊዜ፣ በ1937፣ እረኛ ነበሩ ወይስ ጡት ይጠቡ ነበር? በ1960 ጎጃም በግብሩ ምክንያት ሲያምፅ ሚስት አግብተው ነበር? "ኧረ የበኩር ልጄ ዳዴ ይል ነበር!" እሰይ፣ ደረስንበት። አንዳንዱ ግን የአመፁን ታሪክ ከጀመረ አይጨርስም፤ ዕድሜውን ሳላገኝ መሽቶብኝ ያውቃል።

ቁመትም አስቸጋሪ ነው። የጎበጠ ሰው ግድግዳ ላይ ተለክቶ ቁመቱ አይገኝም። ከጉልበት እስከ ተረከዝ ያለው አጥንት ግን አይጎብጥም፤ ከእሱ ተነሥተን በስሌት እናገኘዋለን።

ሚዛን ላይ ደግሞ ጥፋቴን ልናዘዝ። በመጀመሪያው ዓመት ሚዛኔን የማስቀምጠው ቤቱ ወለል ላይ ነበር፤ የጭቃ ወለል፣ ያውም ቁርበት የተነጠፈበት። ሁለት ሳምንት መዘንኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ሊመዘኑ ሲመጡ ለጨዋታ ጀሪካናቸውን አስቀድመው ጫኑበት። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው አይደል? ከነጀሪካኑ 21 ገደማ መሆን አለበት። ሚዛኑ 17 አለ። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ላብ አሰጠመኝ። የሁለት ሳምንት ልፋት ገደል ገባ፤ ሰውን ሁሉ ከእውነተኛ ክብደቱ አሳንሼ ጽፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳንቃ ተሸክሜ ነው የምዞረው፤ በየማለዳውም ሰው ሳልመዝን ጀሪካን እመዝናለሁ። ሚዛኔን ያስተካከሉልኝ እኚያ እናት ናቸው።

ከሁሉ የከበደው ግን ምግቡ ነው። ከአንድ መሶብ አምስት ሰው ይበላል። የአያትየው ድርሻ የቱ ነው? ፈረንጅ የሠራው መጠይቅ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሣህን አለው ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ከንጋት እስከ ማታ ቤት ውስጥ ተቀምጠን የሚበላውን እንመዝናለን። የቤቱ እመቤት ታፍራለች፤ "ምግብም ይመዘናል እንዴ? የሰሰትን መሰላት!" ትላለች። ቡና ጠጥተን፣ ተጫውተን፣ ይለምዱናል።

አንድ አባት አሉ፤ አልረሳቸውም። የፋሲካ ሰሞን ነው፣ ዶሮ ተሠርቷል። እንቁላሉ ለእሳቸው ተሰጠ፤ ወጉም እሱ ነው። ቅጼ ላይ "እንቁላል፣ 1" ብዬ ጻፍኩ። ቀና ስል እንቁላሉ የለም። ግማሹ የትንሹ ልጅ አፍ ውስጥ ነው፣ ግማሹ የትልቋ። "አባቴ፣ እርስዎ እኮ አልበሉም" አልኳቸው። ምን ያሉኝ ይመስላችኋል?

(ከአዳራሹ፦ "እኔ ጠግቤያለሁ!")

እኔ ጠግቤያለሁ። ቃል በቃል። "እንቁላል፣ 1" የሚለውን ሰረዝኩት። "ጉርሻ፣ 2" ብዬ ጻፍኩ። ቅጹ ላይ ጉርሻ የሚባል ቦታ የለውም፤ ዳር ላይ ነው የጻፍኩት። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

አሁን ሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ከአርባ ዓመት ገደማ ጀምሮ ጡንቻ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። ጡንቻ ሸክም ለመሸከም ብቻ አይደለም፤ ጎተራ ነው። ስትታመሙ፣ ስትቆስሉ ሰውነት ፕሮቲን የሚበደረው ከጡንቻ ነው። ጎተራው ባዶ የሆነ ሰው ጉንፋን ይጥለዋል። ደፍ ይጥለዋል።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። ያረጀ ጡንቻ ጆሮው ይከብዳል። ወጣት ጡንቻ ትንሽ ፕሮቲን ሲደርሰው፣ በሹክሹክታ እንደ ተጠራ፣ ተነሥቶ ይገነባል። ያረጀውን ጮክ ብሎ መጥራት ያስፈልጋል። ስለዚህ ለወጣት በኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን በቀን ይበቃል ሲባል፣ ለሽማግሌ ግን ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመከራል። ይበልጣል! አያንስም! "ሽማግሌ ምን ይበላል? አንድ ጉርሻ ይበቃዋል" የምንለው ስሕተት ነው። ኃይል ሰጪውን ሊቀንስ ይችላል፣ አያርስምና። ገንቢውን ግን አይቀንስም። ያን ጊዜ ክፍል ውስጥ ለጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ ይኸው፤ ዘግይቶም ቢሆን መጣ። ኩላሊታችሁን የታመማችሁ ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትጨምሩ፤ ለእናንተ ሒሳቡ ሌላ ነው።

እንዴት ይታወቃል? ባት። ቁጭ ብላችሁ የባታችሁን ወፍራሙን ቦታ በሜትር ለኩ፤ ከ31 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። ሜትር የሌላችሁ፣ የተማሪውን የማተሚያ ወረቀት በቁመቱ ጠምጥሙት፤ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ጫፍና ጫፉ ተነባብሮ የሚተርፍ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሌላው ጭብጥ ነው። የምናስጨብጠው መሣሪያ አለ፤ ወንድ ከ27 ኪሎ፣ ሴት ከ16 ኪሎ በታች ከጨበጡ ጉልበት ደክሟል እንላለን። የቆርኪ ጠርሙስ፣ የማር ማሰሮ ክዳን መክፈት ሲያቅታችሁ ዝም አትበሉ።

አንድ ወንድሜ፣ የተማረ ሰው ነው፣ እንዲህ ይለኛል፦ "ጥቂት መብላት ዕድሜ ያረዝማል ይባል የለም እንዴ?" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1935 ማኬይ የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰው ምግባቸውን የቀነሰባቸው አይጦች ረዥም ዕድሜ ኖሩ። እውነት ነው። ቆይቶ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ቡድኖች በጦጣ ሞከሩት፤ አንዱ በ2009 "ዕድሜ ጨመረ" አለ፣ ሌላው በ2012 "አልጨመረም" አለ። አንደኛው ቡድን የሚያነጻጽራቸውን ጦጣዎች ስኳር የበዛበት ምግብ እንዳሻቸው ያበላ ነበር። እንግዲህ ከልክ በላይ የበላውን በልክ ከበላው ጋር ካነጻጸርከው በልክ የበላው ቢያሸንፍ ምን ይገርማል? ደግሞም የአይጥ ቤት ደፍ የለውም። አይጧ ውሃ አትቀዳም፣ አቀበት አትወጣም። የእኛ ሽማግሌ ችግር ምግብ መብዛት ከሆነ፣ ያን ጊዜ አይጧን እናነሳለን።

ሦስተኛው፣ መሶቡ። ሰዓቴ አጥሯል፣ አልኳችሁ።

50 ኪሎ የሚመዝን ሽማግሌ በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ገደማ። 100 ግራም ደረቅ ባቄላ፣ ምስር ወይም አተር ከ20 እስከ 25 ግራም ይሰጣል። ስለዚህ ሥጋ የለኝም ብሎ ማዘን አይገባም፤ እልበት አለ፣ ስልጆ አለ፣ ሽሮ አለ፣ ሱፍና ተልባ አለ። እንጀራ ብቻውን የሚጎድለውን ሽሮው ይሞላዋል፣ ሽሮው የሚጎድለውን እንጀራው። እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ የደረሱበት ነው። ሽሮው ግን ውሃ እንዳይሆን! ለሽማግሌ የሚቀርበው ሽሮ ወፈር ይበል። ጓያ ግን አትጨምሩበት፤ ረክሶ ሲገኝ ከሽሮ ጋር እንደሚቀላቀል አውቃለሁ። ብዙ ወር ዋና ምግብ ሲሆን እግር የሚያሰንፍ መርዝ አለው፣ የሰነፈውም እግር አይመለስም።

ጥርስ። ቆሎ የሚወድ ሰው ጥርሱ ሲያልቅ ቆሎውን ይተዋል፤ ከቆሎው ጋር ምግቡን ይተዋል። አይተውም! ቆሎው በሶ ይሁንለት። በሶ በወተት፣ በጾም ደግሞ በሱፍ ውሃ። የሽምብራ ቆሎም ይፈጫል።

ጾም። አሁን ፊታችሁ ተለወጠ፤ አውቃለሁ። (ሳቅ) እኔም እጾማለሁ። ዓቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ዓመቱ ሲደመር ለምእመን 180 ቀን ገደማ፣ ለካህናት 250 ገደማ ይደርሳል። የጾም ምግባችን ገንቢ ነው፤ ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሎ ማታ አንዴ ቀማምሶ መተኛቱ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወፍራም ሽሮ፣ ማታ ደግሞ እልበት ወይም ምስር፤ ሁለት ጊዜ ይሁን። አንድ ነገር ግን ከጾም ምግብ አይገኝም፤ ቫይታሚን ቢ12። ጉበት ለዓመታት ያከማቸዋል፤ ሰው ሲያረጅ ግን ጨጓራ እንደ ድሮው አያወጣውም። እግር ይደነዝዛል፣ ሰው ይረሳል፣ ይገረጣል። "ጃጀ" ከማለታችሁ በፊት አስመርምሩት፤ በመርፌ የሚስተካከል ነገር ሊሆን ይችላል። ለታመመ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገር እንደሚቻል ካህናቱ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ አይለፍ። ያውም አዮዲን ያለበት፣ በክዳን ዕቃ፤ የደጋው እንቅርት የመጣው ከአዮዲን እጥረት ነው። ውሃ ደግሞ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ ሽማግሌ ጥማቱ ቶሎ አይሰማውም።

ምግብ ብቻውን ግን ጡንቻ አይሆንም። እግር መሥራት አለበት። እናቶቼ፣ በዓቢይ ጾም ስትሰግዱ አያችኋለሁ። መውረድ፣ መነሣት፣ መውረድ፣ መነሣት። ስግደቱ ለእግዚአብሔር ነው፤ ጭኑ ግን ትርፉን ይወስዳል። ከወንበርም ቢሆን በየቀኑ ተነሡ፣ ተቀመጡ።

የዓለም ጤና ድርጅት ጤናማ እርጅና የሚለው ከበሽታ ነጻ መሆንን አይደለም፤ ሰው የሚወደውን ማድረግ መቻሉን ነው። አያቴ የምትወደው በማለዳ ቤተ ክርስቲያን መድረስ ነበር። አንድ ስንዝር ደፍ ነው የከለከላት።

ጥያቄ ካላችሁ ከሻዩ ጋር እመልሳለሁ። አሁን ወንበሩ። የዞረበት፣ ዳሌው የተሰበረ፣ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ይቀመጥ፤ ይመልከተን። ተማሪዎች፣ እያንዳንዳችሁ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ቁሙ፣ ወንበሩን ከኋላ ያዙ፣ ስልካችሁ ላይ ሰዓት አዘጋጁ። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ምርኩዛችሁን አስቀምጡ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አመሳቅሉ፤ በእጅ መደገፍ የለም። አምስት ጊዜ ትነሣላችሁ፣ አምስት ጊዜ ትቀመጣላችሁ። ከ15 ሴኮንድ ያለፈባችሁ ሰው ወደ እኔ ኑ፤ ሜትርም ሚዛንም ይዣለሁ። ሳንቃውም አለ። የእድሩ ዳኛ፣ እርስዎም ነዎት፤ የት ይሄዳሉ? (ሳቅ)

ተዘጋጁ። አንድ፣ ሁለት... ተነሡ!